በቤተሰባችን ማንም ያልታመመው የዓይን ካንሰር እንዴት «የዘር» ሊባል ይችላል?

የበኩር አባት (አዲስ አበባ)

ጤና ይስጥልኝ። ሴት ልጃችን ዓመት ከአራት ወሯ ነው። የአንደኛ ዓመት ልደቷን ስናከብር በስልክ ካነሣናቸው ፎቶዎች በሁለቱ ላይ የግራ ዓይኗ ብሌን ነጭ ሆኖ፣ ሌሊት የድመት ዓይን መብራት ሲያርፍበት እንደሚያበራው ያበራ ነበር፤ የቀኙ ግን በፎቶ ላይ እንደ ማንኛችንም ቀይ ነበር። የስልኩ መብራት ያመጣው መስሎን ሦስት ሳምንት ዝም ብለን ቆየን። መጀመሪያ የወሰድናት ክሊኒክ ጠብታ ሰጥቶ መለሰን። በኋላ አንድ የዓይን ስፔሻሊስት ብሌኗን በመድኃኒት አስፍተው ካዩ በኋላ ሬቲኖብላስቶማ የሚባል የሬቲና (ብርሃን የሚቀበለው የዓይን ውስጠኛ ሽፋን) ካንሰር መሆኑን ነገሩን፤ ዕጢው የዓይኑን አብዛኛውን ክፍል ሞልቶ ስለነበር የግራ ዓይኗ ከሁለት ወር በፊት በቀዶ ሕክምና ወጣ። የፓቶሎጂው ውጤት ካንሰሩ ወደ ዓይን ነርቭ እንዳልደረሰ ይናገራል፤ ቀኝ ዓይኗም በማደንዘዣ ተመርምሮ ንጹሕ ነው ተብሏል። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አሁን ትሮጣለች፣ ትስቃለች።

ጭንቀታችን ሌላ ነው። ባለቤቴ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ልጃችን ከቀዶ ሕክምናው በወጣችበት ዕለት አንድ ባለሙያ በኮሪደር ሲያልፉ «ይህ በሽታ በዘር ሊመጣ ስለሚችል ቀጣዩን ልጅ አስቡበት» ብለውን ሄዱ፤ ከዚያ በኋላ ማብራሪያ የሚሰጠን ሰው አላገኘንም። ይህች አንዲት ዐረፍተ ነገር ቤታችንን ለሁለት ከፈለችው። እናቴ ነገሩ ከባለቤቴ ወገን የመጣ እንደሆነ በሾርኒ ትናገራለች፤ አማቴ ደግሞ የእኔን ዘመዶች አንድ በአንድ እየጠሩ ማን ዓይነ ስውር እንደነበረ ይጠይቃሉ። እኛ ግን በሁለቱም ወገን አያት ቅድመ አያት ቆጥረን ይህን የመሰለ ነገር አላገኘንም። ደግሞም ስንጋባ ሽማግሌዎች ሰባት ቤት ቆጥረውልናል፤ የሥጋ ዝምድና የለንም።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው። በቤተሰቡ ማንም ታምሞ የማያውቅ ከሆነ በሽታው የዘር ሊባል ይችላል ወይ? ከሆነስ የሚወለደው ልጅ ምን ያህል ያሰጋዋል? ከመወለዱ በፊት ልናደርገው የሚገባን ነገር ካለ እባካችሁ ንገሩን።

የዓይን ሐኪም (አዲስ አበባ)

ልጅዎን እግዚአብሔር ይማርልዎ። ነጩን ብሌን በፎቶ አይታችሁ በመጨረሻ ስፔሻሊስት ዘንድ መድረሳችሁ ሕይወቷን አትርፎላታል፤ በእኛ አገር ብዙ ልጆች የሚመጡት ዓይኑ አብጦ ወደ ውጭ ከወጣ በኋላ ነውና ስለ ሦስቱ ሳምንታት ራስዎን አይውቀሱ።

ወደ ጥያቄዎ ልግባ። በዚህ በሽታ መሠረት ላይ የሚገኘው በ13ኛው ክሮሞሶም ላይ ያለ አርቢ-1 የተባለ ዘረመል ነው። ሥራው የሬቲና ሕዋስ ያለ ልክ እንዳይባዛ መያዝ ስለሆነ እንደ በር መቀርቀሪያ ያስቡት። እያንዳንዱ ሕዋስ አንድ ከአባት፣ አንድ ከእናት፣ በድምሩ ሁለት መቀርቀሪያ አለው። አንዱ ቢወልቅ ሌላው በሩን ይይዘዋል፤ ካንሰሩ የሚጀምረው በአንድ ሕዋስ ውስጥ ሁለቱም ሲወልቁ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት መንገዶች ይለያያሉ። በአንደኛው መንገድ ልጁ በሁለቱም መቀርቀሪያዎች ሙሉ ሆኖ ይፀነሳል፤ በኋላ ሬቲናው ሲያድግ በአንዲት ሕዋስ ውስጥ በአጋጣሚ መጀመሪያ አንዱ፣ ቀጥሎ ሌላው ይበላሻል። እንዲህ ያለ ድርብ አጋጣሚ በአንድ ልጅ ላይ ሁለት ጊዜ ይደርሳል ተብሎ ስለማይጠበቅ ዕጢው አንድ ይሆናል፣ በአንድ ዓይን ብቻ ይገኛል፣ የሚታወቀውም ብዙውን ጊዜ ወደ ሁለት ዓመት ገደማ ነው። በሁለተኛው መንገድ ግን ልጁ ሲፀነስ ጀምሮ በሰውነቱ ሕዋሳት ሁሉ አንዱ መቀርቀሪያ የለም። በሬቲና ውስጥ የሚባዙት ሕዋሳት እጅግ ብዙ ስለሆኑ ከእነርሱ በአንዱ ወይም በጥቂቶቹ ሁለተኛው መውለቁ የማይቀር ነው ለማለት ይቻላል፤ ስለዚህ በሽታው በአብዛኛው ሁለቱንም ዓይን ይይዛል፣ የሚታወቀውም በአንደኛው ዓመት አካባቢ ነው። ከሁሉም የሬቲኖብላስቶማ ሕሙማን 40 በመቶ ያህሉ በዚህ በሁለተኛው መንገድ የታመሙ ናቸው።

ይህን የደረሰበት አልፍሬድ ክኑድሰን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው ጽሑፍ የተጠቀመው የ48 ሕፃናትን የሕክምና መዝገብ ብቻ ነበር። በሁለት ዓይን የታመሙትና በአንድ ዓይን የታመሙት ልጆች በሽታቸው በስንት ወራቸው እንደታወቀ በግራፍ ላይ ሲያስቀምጥ የሁለቱ መስመሮች ቅርጽ ተለያየ፤ የመጀመሪያዎቹ አንድ አጋጣሚ ብቻ እንደጎደላቸው፣ ሁለተኛዎቹ ግን ሁለት አጋጣሚ እንዳስፈለጋቸው ከዚያ ተነሥቶ ተናገረ። ዘረመሉ ራሱ ተለይቶ የወጣው በ1986 ነው፤ በዕድሜ ስሌት ብቻ የተገመተው ነገር ከ15 ዓመት በኋላ በላብራቶሪ ጸና ማለት ነው። ተማሪ ሆኜ ይህን ሳነብ ከተማርኩት ሁሉ የደነቀኝ እርሱ ነበር።

አሁን ወደ እናንተ ቤት እንመለስ። «ሁለተኛው መንገድ» ማለት የግድ ከእናት ወይም ከአባት የተወረሰ ማለት አይደለም። በዚህ መንገድ ከታመሙት ልጆች አብዛኞቹ በቤተሰባቸው የመጀመሪያው ታማሚ ናቸው፤ ጉድለቱ አዲስ ሆኖ የተፈጠረው በአንድ የዘር ፍሬ ወይም በአንድ እንቁላል ውስጥ ነው። እንዲያውም አዲስ ከሚፈጠሩት የአርቢ-1 ጉድለቶች የሚበዙት በአባት በኩል በተገኘው ቅጂ ላይ ነው፤ አማትዎ ይህን ሲሰሙ ግን ደስ እንዳይላቸው፣ የዘር ፍሬ ያለ ማቋረጥ ስለሚባዛ የሚደርስ የመገልበጥ ስሕተት እንጂ የአባትየው ዘመዶች ያቆዩት ነገር አይደለም። ማንም በሠራው፣ በበላው ወይም በጠጣው አልመጣም።

ስለ ሰባት ቤት ቆጠራም አንድ ቃል ልጨምር። ልማዳችን የሚጠብቀን ሁለቱም ወላጆች ተመሳሳይ ጉድለት ተሸክመው ለልጁ ከሁለቱም ሲደርሰው ከሚመጡ በሽታዎች ነው፤ ከእነዚህም ውስጥ እንደ ፋንኮኒ አኒሚያና ዜሮደርማ ፒግሜንቶሰም ያሉ ልጅን ለካንሰር የሚያጋልጡ አሉ። የአርቢ-1 ነገር ግን እንዲህ አይደለም። አንድ ቅጂ ብቻ መጉደሉ ለአደጋው በቂ ስለሆነ ሰባት ቀርቶ አሥራ አራት ቤት ቢቆጠር አይከላከለውም።

የልጅዎ ሁኔታ አንድ ዓይን ብቻ የታመመ፣ በቤተሰብም ታሪክ የሌለው ነው። እንዲህ ካሉ ልጆች ጉድለቱ በሰውነታቸው ሕዋስ ሁሉ የሚገኘው 15 በመቶ ያህሉ ናቸው። የሚወለደው ልጅ ደግሞ ይህን ጉድለት ይዞ የመገኘት ዕድሉ፣ ምንም ምርመራ ሳይደረግ እንኳ፣ ከመቶ አንድ አይሞላም። በሁለት ዓይን ታምማ ቢሆን ኖሮ ከመቶ ሁለት ሦስት እንል ነበር።

ይህን ትንሽ ሥጋት እስከ ዜሮ ልናወርደው ወይም በእርግጠኝነት ልናውቀው የምንችልበት መንገድ አለ፤ ቅደም ተከተሉ ግን ወሳኝ ነው። ብዙ ሰዎች የሚሳሳቱት የወላጆችን ደም በማስመርመር ስለሚጀምሩ ነው። መጀመር ያለበት ከዕጢው ነው። ከወጣው ዓይን የተወሰደው ሥጋ በፎርማሊን ቆይቶ፣ በሰም ውስጥ ተቀብሮ፣ የባዮፕሲ ቁጥሯ በተጻፈበት አውራ ጣት በምታህል የፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ በፓቶሎጂ ክፍሉ መቀመጥ አለበት፤ የፓራፊን ብሎክ ይባላል። በዚያ ዕጢ ውስጥ ሁለቱ መቀርቀሪያዎች እንዴት እንደወለቁ ይታያል። ከዚያ እነዚያው ሁለት ጉድለቶች በልጅዎ ደም ውስጥ ይፈለጋሉ። ሁለቱም በደሟ ከሌሉ ነገሩ የአንዲት ሕዋስ አጋጣሚ ነበርና የሚወለደው ልጅ በዚህ ምክንያት ልዩ ክትትል አያስፈልገውም። አንዱ በደሟ ከተገኘ ደግሞ በዚያን ጊዜ የእናንተ ደም ይታያል፣ ልጁም ሲወለድ ያው አንድ ጉድለት ብቻ ይፈለግበታል። የወላጆች ደም ንጹሕ ቢሆን እንኳ ሕፃኑ መመርመሩ አይቀርም፤ ጉድለቱ በአንዱ ወላጅ የዘር ሕዋሳት ውስጥ ብቻ፣ በከፊል፣ ሊኖር ይችላልና።

ስለዚህ ነገ ጠዋት ሄደው ብሎኩ መኖሩን ያረጋግጡ፤ እንዳይጣልም በጽሑፍ ይጠይቁ። ውጤቱ እስኪደርስ ሕፃኑ በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብሌኑ በጠብታ ሰፍቶ ሬቲናው በዓይን ሐኪም ይታይ። በብርሃን ብቻ ከፊት አይቶ «ደኅና ነው» ማለት አይበቃም።

ነርስ በጄኔቲክስ ክሊኒክ (ሜሪላንድ)

ዶክተሩ ዋናውን ነገር ብለውታል። እኔ በምሠራበት ክሊኒክ ለአገራችን ሰዎችም አንዳንዴ ስለማስተረጉም ስለ ቃሉ ትንሽ ልበል፤ ምክንያቱም የቤተሰባችሁ ጠብ የጀመረው በቃል ነው።

አንድ ጊዜ አስተርጓሚ ባልነበረበት ቀን ሐኪሙ በእንግሊዝኛ የተናገረውን አንድ ዘመድ «የዘር በሽታ ነው ይላል» ብሎ ሲተረጉመው አያትየው ወንበራቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አልተናገሩም። በአማርኛ «ዘር» ስንል ትውልድን፣ ወገንን፣ ከዚያም አልፎ ነቀፌታን እንሰማለን። ሐኪሙ ያለው ግን «በሁሉም ሕዋስ ውስጥ የሚገኝ የዘረመል ለውጥ» ነበር። በሁሉም ሕዋስ ውስጥ መገኘትና ከወላጅ መወረስ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ከወላጅ ተወርሶም ወላጁ ፈጽሞ ያልታመመ ሊሆን ይችላል። እኔ አሁን «የዘር» የሚለውን ቃል ትቼ «አብሮት የተፈጠረ ለውጥ» እላለሁ፤ ረዘም ቢልም ማንንም አያስቀይምም።

«በቤተሰባችን ማንም የለም» የሚለውን ደግሞ ከቁጥር ጋር ልይዘው። እ.ኤ.አ. በ2015 በሜምፊስ የሚገኘው ሴንት ጁድ የሕፃናት ሆስፒታል ተመራማሪዎች ከ20 ዓመት በታች የሆኑ 1,120 የካንሰር ሕሙማንን ዘረመል መርምረው ለካንሰር የሚያጋልጥ አብሮ የተፈጠረ ለውጥ ያገኙት በ8.5 በመቶው ላይ ነበር፤ ካንሰር በሌላቸው የማነጻጸሪያ ሰዎች ዘንድ 1.1 በመቶ ብቻ ነበር። ለውጡ ከተገኘባቸው ልጆች የቤተሰብ ታሪካቸው የታወቀው ሲታይ በቤተሰባቸው ካንሰር የነበረባቸው 40 በመቶው ናቸው። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ማለት ነው፣ እንደ እናንተ ዘመድ ቢቆጠር ምንም የማይገኝባቸው። ስለዚህ የቤተሰብ ታሪክ አለመኖሩ ደስ የሚል ነገር ቢሆንም ብቻውን መልስ አይሆንም። በሌላ በኩል ከመቶ ዘጠና በላይ የሚሆኑት የታመሙ ልጆች እንዲህ ያለ ለውጥ እንዳልተገኘባቸውም አይርሱ፤ አብዛኛው የልጆች ካንሰር፣ አሁን በምናውቀው መጠን፣ የውርስ አይደለም።

ዘረመል ሁሉ በአንድ ሚዛን እንዳይታይም እፈልጋለሁ። ጉድለት ያለበትን አርቢ-1 ይዘው ከሚወለዱ ልጆች ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት በሽታው ይይዛቸዋል፤ ይህ ግን በጣም ጠንካራው ምሳሌ ነው። ቲፒ53 የተባለው ዘረመል ሲጎድል ሊ-ፍራውሜኒ የሚባለው ሁኔታ ይመጣል፤ በልጅነት ለአጥንት፣ ለጡንቻ፣ ለአንጎልና ከኩላሊት በላይ ላለው እጢ ካንሰር ያጋልጣል፣ ግን ተሸካሚው መቼና በየትኛው እንደሚታመም አስቀድሞ አይነገርም። በ2025 መጀመሪያ የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ኒውሮብላስቶማ (የነርቭ ሕዋስ ካንሰር)፣ ዩዊንግ ሳርኮማና ኦስቲዮሳርኮማ (የአጥንት ካንሰሮች) በያዛቸው ልጆች ላይ ነጠላ የዘረመል ፊደል ሳይሆን ትልልቅ የክሮሞሶም ክፍሎች መጥፋታቸውን ወይም ቦታ መቀየራቸውን አሳይቷል፤ አብዛኞቹን ያስተላለፉት ካንሰር ያልያዛቸው ወላጆች ናቸው። እንዲህ ያለው ግኝት ለምርምር ትልቅ ነገር ቢሆንም በእኔ ግምት ዛሬ ለአንድ ወላጅ «ልጅህ ይታመማል» ወይም «አይታመምም» ለማለት አይበቃም፤ በዚህ ስም ውድ ምርመራ የሚሸጥ ሰው ቢያጋጥማችሁ ሁለት ጊዜ አስቡ።

የደሟ ምርመራ ለሚወለደው ልጅ ብቻ የሚጠቅም እንዳይመስላችሁ፤ ከሁሉ በፊት የሚጠቅመው ለራሷ ነው። ለውጡ በደሟ ካለ ቀኝ ዓይኗ ለዓመታት በጥብቅ መታየት አለበት፣ ካደገችም በኋላ የአጥንትና የለስላሳ ሥጋ ካንሰር እንዲሁም ሜላኖማ የሚባለው የቆዳ ካንሰር ከሌላው ሰው ይልቅ ያሰጋታል። ይህ ሥጋት በጨረር ሕክምና ስለሚጨምር ነው ዛሬ ዓይንን በጨረር ማከም የመጨረሻ አማራጭ የሆነው፤ ምስል ሲያስፈልጋትም ጨረር በሚጠቀመው ሲቲ ስካን ፋንታ ጨረር የሌለው ኤምአርአይ እንዲሆን ሐኪሞቿን ይጠይቁ። እናት ስትሆንም ለእያንዳንዱ ልጇ የማስተላለፍ ዕድሏ ግማሽ በግማሽ ነው።

የመንታዎች እናት

በአክብሮት ነው የምጽፈው፤ ግን የነርሷ ጽሑፍ የእኛን ነገር አይገልጽም። ልጆቼ በመልክ የማይለዩ መንታ ናቸው። አንዱ በአራት ዓመቱ ሉኪሚያ፣ የደም ካንሰር፣ ያዘው፤ አሁን ሕክምናውን ሊጨርስ ነው። መንታው ጤነኛ ነው፣ ሐኪሞቹ ግን እርሱንም ሲመረምሩት ቆይተዋል። ሁለቱ አንድ ዓይነት ዘር ካላቸውና አንዱ ሲታመም ሌላው ከተሠጋለት፣ ይህ የዘር ካልሆነ ምንድን ነው?

የዓይን ሐኪም (አዲስ አበባ)

እናቴ፣ ጥያቄዎ ብዙ ሐኪሞችንም ያሳሳተ ነው። ሉኪሚያ የእኔ ሙያ ባይሆንም ይህን ክፍል በደንብ አውቀዋለሁ፤ የእንግሊዛዊው የሉኪሚያ ተመራማሪ የሜል ግሪቭስ ሥራ ነውና።

አንድ መንታ ሲታመም ለሌላው መሠጋቱ እውነት ነው፤ ምክንያቱ ግን ውርስ አይደለም። በመልክ የማይለዩ መንቶች ብዙ ጊዜ አንድ የእንግዴ ልጅ ይጋራሉ፤ የደም ሥሮቻቸውም በዚያ ይገናኛሉ። በአንዱ ጽንስ የደም ሕዋስ ውስጥ የመጀመሪያው ስሕተት ሲደርስ፣ የዚያ ሕዋስ ዘሮች በጋራው ደም ሥር ወደ ወንድሙ ይሻገራሉ። በሁለቱ መንቶች ሉኪሚያ ውስጥ አንድ ዓይነት የክሮሞሶም መሰበሪያ፣ እስከ ፊደሉ ድረስ፣ ተገኝቷል፤ ይህ ስብራት ደግሞ በሌላው የሰውነታቸው ሕዋስም ሆነ በወላጆቻቸው ውስጥ የለም። ስለዚህ የተወረሰ ሳይሆን በማሕፀን ከወንድም ወደ ወንድም የተላለፈ ነው። በሁለት ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ ለሚመጣው ሉኪሚያ ሁለተኛው ስሕተት ከተወለዱ በኋላ ስለሚያስፈልግ ሁለተኛው መንታ የሚታመመው ከአሥር አንዱ ገደማ ብቻ ነው፤ ዕድሜው በጨመረ ቁጥርም ሥጋቱ ይቀንሳል። ዓመት ሳይሞላቸው በሚመጣው ሉኪሚያ ግን እጅግ ከፍ ይላል።

ውርስ በሉኪሚያ ፈጽሞ ድርሻ የለውም ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 አሪድ5ቢና አይኬዜድኤፍ1 በተባሉ ዘረመሎች አካባቢ በብዙ ጤነኛ ሰዎች ዘንድ የሚገኙ ልዩነቶች ሥጋቱን በመጠኑ ከፍ እንደሚያደርጉ ታይቷል፤ ሆኖም መነሻው ሥጋት በጣም ትንሽ ስለሆነ አንድ ተኩል ጊዜ ቢጨምርም ያው ትንሽ ነው፣ ለአንድ ልጅ ትንቢት አይሆንም። ዳውን ሲንድሮም ያለባቸው ልጆች ግን ለሉኪሚያ ከሌሎች ልጆች አሥር እጥፍና ከዚያ በላይ ይጋለጣሉ፤ እርሱም አብሮ የተፈጠረ እንጂ በአብዛኛው የተወረሰ አይደለም።

የመንታዎች እናት

ደሙን ተጋርተው ነው ማለትዎ ነው። ይህን ሁሉ ጊዜ በሽታው ከአባቴ ቤት የመጣ ነው ስባል ኖሬያለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

የበኩር አባት (አዲስ አበባ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ማክሰኞ ጠዋት ወደ ፓቶሎጂው ክፍል ሄድኩ። መጀመሪያ የተቀበሉኝ ልጅ «ውጤቱ ተሰጥቶዎታል፣ ሌላ የሚሰጥ ነገር የለም» አሉኝ። «ውጤቱን አይደለም፣ ብሎኩን ነው» ስላቸው ቀና ብለው አዩኝና የባዮፕሲ ቁጥሩን ጠየቁኝ። ከረጅም መሳቢያ አውጥተው አሳዩኝ፤ ሦስት ናቸው፣ በእርሳስ ቁጥሯ ተጽፎባቸዋል፣ በሰሙ መካከል ምስር የምታህል ነጣ ያለች ሥጋ ትታያለች። እንዳይጣሉ ማመልከቻ ጻፍኩ፣ ማኅተም ተደረገበት። የልጄን ሐኪምም አነጋግሬ ከብሎኩ የተቆረጠ ናሙናና ደሟ አብረው ለምርመራ እንዲላኩ ተስማምተናል።

ለሁለቱ እናቶቻችን ነርሷ ባሉት ቃል፣ «አብሯት የተፈጠረ ሊሆን ይችላል፣ ከማንም ያልመጣ ሊሆንም ይችላል» ብዬ ነገርኳቸው። እናቴ ዝም አለች። አማቴ የአባት ቅጂ የሚለውን ከየት እንደሰሙ እንጃ፣ እርሱን ብቻ ይዘው ቀርተዋል።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ፤ ውጤቱ ከመውለጃዋ ቀን ቢዘገይ ሕፃኑን በስንተኛው ቀን ማምጣት ይሻላል?

የዓይን ሐኪም (አዲስ አበባ)

በመጀመሪያው ሳምንት ያምጡት፤ ጡት ከጠባ በኋላ ቢሆን ይመረጣል፣ በጠብታው ጊዜ ዝም ይላልና። ታላቅ እኅቱም አብራ ብትመጣ የቀኝ ዓይኗን ቀጠሮ በዚያው ቀን እናደርገዋለን።